ያልጠየቁትን ማንም አይነግርም

ለትምህርት ወደ አውሮጳ የሚሄድ ወጣት በሚሸኝበት ጊዜ ምክር አያጣም። አንዱ ስለ ብርዱ፥ ሁለተኛው ስለ ቋንቋው፥ ሦስተኛው ስለ ምግቡ ይነግረዋል። እናትም ሽሮና በርበሬ ቋጥራ በሻንጣው ውስጥ ታኖርለታለች። ይህ ሁሉ መልካም ነው። ይሁን እንጂ እኛ በበርሊን ከተማ ሁለት ዓመት ተቀምጠን እንደ ተረዳነው ብርዱን ካፖርት ይመልሰዋል፤ ቋንቋውም በትምህርት ይገኛል፤ እንጀራ ለናፈቀውም የኢትዮጵያና የኤርትራ ምግብ ቤቶች በከተማው አሉ። ተማሪውን ከሁሉ ይልቅ የሚጎዳው ካገሩ ይዞት የሚሄደው ይሉኝታ ነው። ለምን እንዲህ እንዳልን እንደሚከተለው እናስረዳለን።

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከተማው ለእንግዳ ምንም የሚናገር አይመስልም። ቤት የተከራየ ሰው በገባ በ2 ሳምንት ውስጥ፥ አከራዩ የፈረመለትን ወረቀት ይዞ አድራሻውን ማስመዝገብ ግዴታው ነው። በምድር ውስጥ ባቡር ጣቢያ የሚዘጋ በር የለም፤ ቲኬት ጠያቂም አይታይም። እኛም ገና የተማሪ ቲኬት ሳይሰጠን በፊት የወረቀት ቲኬት ገዝተን፥ በመሣሪያው ማኅተም ሳናስመታበት ተሳፈርን። እንደ ማንኛውም ተሳፋሪ የለበሰ ተቆጣጣሪ ካጠገባችን ብድግ ብሎ ቲኬታችንን ተመለከተና 60 ዩሮ አስከፈለን።

ሰዓቱም የራሱ ጣጣ ነበረው። ከአስተማሪያችን ጋር የምንገናኝበት ጊዜ «ሃልብ ኖይን» ተብሎ ተነገረን። ቃል በቃል «ግማሽ ዘጠኝ» ማለት ስለ ሆነ፥ በእነርሱ አቆጣጠር በዘጠኝ ሰዓት ተኩል ከች አልን። ለካስ ጀርመኖች እንዲህ የሚሉት ዘጠኝ ሊሞላ ግማሽ ሰዓት ሲቀረው፥ ማለት ለስምንት ተኩል ኖሯል! አንድ ሰዓት ሙሉ በማርፈዳችን አፍረን በማግስቱ ለትምህርት በሰዓቱ ብንደርስ አዳራሹ ባዶ ሆኖ አገኘነው። በብዙ የጀርመን ዩኒቨርሲቲዎች ለአሥር ሰዓት የተጻፈ ትምህርት በአሥር ከሩብ ይጀመራል፤ ይህንንም «የአካዳሚ ሩብ ሰዓት» ይሉታል። ከዚህ ሁሉ አንዱንም ማንም አልነገረንም። እውነቱን ለመናገር ግን እኛም ማንንም አልጠየቅንም። «ይህንንም አያውቅም» እንዳንባል ፈርተን ነበር።

አንድ እሑድ ጧት ቡና ቆልተን በሙቀጫ ስንወቅጥ ቆይተን ከሰዓት በኋላ በራችንን ብንከፍት አንዲት ቁራጭ ወረቀት ተለጥፋበት አገኘን። «እሑድ የጸጥታ ቀን ነው» ትላለች፤ ሰላምታ የላት፥ ሌላ ቃል የላት። የጻፏት ከበታቻችን የሚኖሩት አሮጊት ነበሩ። በበርሊን እሑድ ሱቆች በአብዛኛው ዝግ ናቸው፤ ጎረቤት የሚያውክ ድምፅ ማሰማትም በሕግ የተከለከለ ነው። እኛ ይህን ስላላወቅን «ሴትዮዋ ጠልተውናል» ብለን አራት ወር ሙሉ በደረጃ ላይ ስንገናኛቸው አንገታችንን ደፍተን እናልፍ ነበር።

ከዚያም ክረምቱ መጣ። በታኅሣሥ ወር የበርሊን ፀሐይ የምትወጣው በእኛ አቆጣጠር ከጧቱ ሁለት ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው፤ የምትጠልቀውም አሥር ሰዓት ሳይሞላ ነው። ከእኛ ጋር አንድ ቤት ተከራይቶ የሚኖር ያገራችን ልጅ በዚያን ጊዜ ጠባዩ ተለወጠ። ከክፍሉ አይወጣም፤ ከደብዳቤ ሣጥኑም የሚመጡለትን ደብዳቤዎች ሳይከፍት በፌስታል ያጠራቅማል። ብንጠይቀው «ደኅና ነኝ» ይላል።

እዚህ ላይ የተማሪውን ገንዘብ ነገር ማወቅ ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. ከመስከረም 2024 ጀምሮ ወደ ጀርመን የሚሄድ ተማሪ ለአንድ ዓመት 11,904 ዩሮ በተዘጋ ሂሳብ ማስያዝ ሲኖርበት፥ ከዚያ ማውጣት የሚፈቀድለት በወር 992 ዩሮ ብቻ ነው። የቤት ኪራዩም፥ የጤና መድኑም፥ ምግቡም የሚከፈለው ከዚሁ ነው። ጓደኛችን ከዚህ ላይ በየወሩ 200 ዩሮ ለእናቱ ይልክ ነበር። ሂሳቡ ባዶ ሲሆን የመድኑ ክፍያ ተቋረጠ። የመድን ዕዳ ያለበት ተማሪ ደግሞ ለሚቀጥለው መንፈቅ ምዝገባውን ለማደስ ይከለከላል፤ ምዝገባው ከቀረም የመኖሪያ ፈቃዱ መሠረት ያጣል። የደብዳቤዎቹ ጉዳይ ይኸው ነበር።

አንድ ምሽት ፌስታሉን ይዞ ወደ ክፍላችን ገባና ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈው። 11 ደብዳቤዎች ነበሩ። ከፍተን ብናነብ የቢሮው ጀርመንኛ ከበደን። ሌላ የምናውቀው ሰው ስላልነበረ እያፈርን ወርደን የአሮጊቷን በር አንኳኳን። መነጽራቸውን አድርገው ሁለት ሰዓት ያህል አንድ በአንድ አነበቡልን፤ የቸኮለውን ካልቸኮለው ለዩልን። በመጨረሻም «ለምን ቀደም ብላችሁ አልመጣችሁም?» አሉን። «እርስዎ የጠሉን መስሎን ነው» ብንላቸው በጣም ተገረሙና «ወረቀቱን የለጠፍኩት ሕጉን የማታውቁ መስሎኝ ነው» አሉ።

በማግስቱ ጓደኛችን ወደ መድኑ ቢሮ ሄዶ ችግሩን ቢያስረዳ፥ ዕዳውን በስድስት ወር ከፋፍሎ እንዲከፍል ተፈቀደለት። ማታውን ለእናቱ ስልክ ደወለ። እናቱም «ልጄ፥ እኔ መቼ ላክልኝ አልኩህ? የጎረቤት ልጅ ላከ ቢሉህ ነው እንጂ! ይልቅ አንተ ብላ» አሉት። ለካስ እሳቸውንም አልጠየቃቸውም ነበር።

የኢትዮጵያና የጀርመን የዕውቀት ግንኙነት የተመሠረተውም በመጠየቅ ነው። አባ ጎርጎርዮስ እ.ኤ.አ. በ1652 ወደ ጎታ ከተማ በሄዱ ጊዜ፥ ሂዮብ ሉዶልፍ የተባለው ጀርመናዊ ሊቅ ስለ አገራችን፥ ስለ ግእዝና ስለ አማርኛ ሳይሰለች ጠይቋቸዋል። እ.ኤ.አ. በ1698 ያሳተመው የአማርኛ ሰዋስው የዚያ ጥያቄ ፍሬ ነው። ሉዶልፍ አላውቅም ማለትን ቢያፍር ኖሮ መጽሐፉ ባልተጻፈ ነበር።

ስለዚህ ነገ ለትምህርት የምትሄዱ ወንድሞችና እኅቶች፥ የመጣላችሁን ደብዳቤ በመጣበት ቀን ክፈቱት፤ ያልገባችሁንም በዚያው ሳምንት ጠይቁ። በበርሊን የተማሪዎች አገልግሎት ድርጅት ልቡ ለከበደው ተማሪ በነጻ ምክር ይሰጣል፤ ነገር ግን ተማሪው ራሱ ካልሄደ መጥቶ የሚያንኳኳለት የለም። እናንተም እዚህ የምትቀሩ፥ አውሮጳ ያለ ልጃችሁ ስልክ ሲደውል ስለሚልከው ገንዘብ ከማሰባችሁ በፊት መብላቱን ጠይቁት። አባቶቻችን «መጠየቅ ያደርጋል ሊቅ» ይላሉ፤ «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ያሉትም እነርሱ ናቸው። ጓደኛችን ዛሬ ትምህርቱን ፈጽሟል። ቡናውን እሑድ ለመጠጣት ሲፈልግ ቅዳሜ ይወቅጠዋል፤ ከመጀመሪያው ጀበና አንዱ ስኒም የአሮጊቷ ነው።