የሞተር ሄልሜት መቼ ይለወጣል?

ሞፈር ቢሰነጠቅ በጠፍር ይጠመጠማል፤ አንድ ክረምት ያሳርሳል። ጀሪካን ቢቀደድ በጋለ ብረት ይደፈናል። ገበሬ ዕቃ በከንቱ አይጥልም፤ ይህም ሙያ ነው። የራስ ቁር፣ ሰዉ ሄልሜት የሚለው፣ ሞተረኛ በራሱ ላይ የሚደፋው ነገር ግን ከዚህ ልማድ ውጭ ነው። አንድ ጊዜ ከባድ ምት ከተቀበለ፣ ደህና ቢመስልም ሥራውን ጨርሷል።

ከነፋስ መውጫ፣ ከአርብ ገበያ፣ ከወገዳ፣ ከመካነ ኢየሱስ ወደ ገጠር በሞተር ይኬዳል። የግብርና ባለሙያው ይነዳል፤ ወጣቱም ሰው አፈናጥጦ ይሠራበታል። ስለዚህ ነገሩ የከተሜ ወሬ ብቻ አይደለም። የሚነዳው ልጃችሁ ሊሆን ይችላል፤ ከኋላ የምትፈናጠጡትም እናንተው ናችሁ።

ለመሆኑ ሄልሜት ራስን የሚያድነው በምኑ ነው? ብዙ ሰው በውጭው ጠንካራ ቅርፊት ይመስለዋል። ቅርፊቱ የድንጋይ ስለት እንዳይገባ ይከለክላል። ዋናው ሥራ ግን የውስጡ ነው። ከጨርቁ ሥር ነጭ፣ ቀላል፣ ፍሬ ፍሬ የሚመስል ነገር አለ፤ ፎም ይሉታል። ቴሌቪዥን በካርቶን ሲመጣ እንዳይሰበር ዙሪያውን የሚደግፈው ያው ነው። አብዛኛው አካሉ አየር ነው። ራስ ሲመታ ፎሙ ይጨፈለቃል፤ ሲጨፈለቅም የምቱን ኃይል እሱ ይውጠዋል፤ ወደ አንጎል የሚደርሰው ይቀንሳል። እንቁላል በጭድ ቀብረን ገበያ እንደምናደርስ ማለት ነው።

ጭድ ግን ቢታመቅ መልሰን እናነሣሣዋለን። ፎም አንዴ ከተጨፈለቀ ወደ ቦታው አይመለስም። ማመን ያቃተው ሰው ከቴሌቪዥን ካርቶን ቁራጭ ፎም ወስዶ በአውራ ጣቱ ይጫነው። ጉድጓዱ እንዳለ ይቀራል።

ችግሩ ጉዳቱ አለመታየቱ ነው። አንድ ወጣት ከጉና ሥር ቁልቁለት ላይ በጠጠር ተንሸራትቶ ወደቀ፣ ራሱም ከድንጋይ ተጋጨ እንበል። ተነሥቶ አቧራውን ያራግፋል። ሄልሜቱን ገልበጥ አድርጎ ቢያይ ጭረት ብቻ ነው። «ተመስገን፣ ሄልሜቴም ተርፏል» ይላል። አልተረፈም። ቅርፊቱ ቅርጹን ቢይዝም ከሥሩ ያለው ፎም አልቋል። ሌላ ቀን እዚያው ቦታ ላይ ቢመታ ምቱን የሚቀበልለት የለም። እንግዲህ ራስ በውስጡ እያለ የተመታ ሄልሜት በዚያው ይለወጣል፤ ነገ ዛሬ አይባልም።

ባዶውን ከእጅ ቢወድቅስ? ይህ ብዙ ጊዜ አይጎዳውም፤ ፎሙን ከውስጥ የሚጨፈልቅ የራስ ክብደት የለምና። ደጋግሞ መጣልና መወርወር ግን ይጎዳዋል። ስንጥቅ ካለበትማ በማጣበቂያ አይድንም።

ሳይመታም ያረጃል። የደጋ ፀሐይ ፕላስቲክን ታደርቃለች። ላብና የጠጉር ቅባት ውስጡን ቀስ በቀስ ያበላሹታል። ከሁሉ የከፋው ቤንዚን ነው፤ ፎሙን ያቀልጠዋል። ስለሆነም ሄልሜት በቤንዚን አይወለወልም፤ ከምድጃ አጠገብም አይሰቀልም። አዋቂዎች በ5 ዓመት ይለወጥ ይላሉ። ማሰሪያው ከተበጣጠሰ፣ መቆለፊያው ካልያዘ፣ ወይም ታስሮ ሳለ ከኋላ ሲገፉት ከራስ ከወለቀ 5 ዓመት አይጠበቅም።

ያገለገለ ሄልሜት በርካሽ የሚገዛም አለ። በቅሎ ስትገዙ ጥርሷን አይታችሁ ዕድሜዋን ታውቃላችሁ። ሄልሜት ጥርስ የለውም። ስንት ጊዜ እንደወደቀ ሻጩ ብቻ ነው የሚያውቀው፤ አዲስ ቀለም ከተቀባ ደግሞ ስንጥቁም አይታይም።

ዓለም ሄልሜትን በቁም ነገር የያዘው በሰው ሞት ነው። ጣሊያን አገራችንን ሊወር ወራት ሲቀሩት፣ በግንቦት 1927 ዓ.ም. ሎውሬንስ የተባለ ስመ ጥር እንግሊዛዊ ያለ ሄልሜት ሲነዳ ከሞተር ወድቆ ሞተ። ካከሙት ሐኪሞች አንዱ ሂው ኬርንስ ይባላል። ይህ ሐኪም የሞተረኞችን የራስ ጉዳት አጥንቶ ውጤቱን በ1934 ዓ.ም. አወጣ። በዚያው ዓመት የእንግሊዝ ጦር ሞተረኛ ወታደሮቹ ሄልሜት እንዲያደርጉ አዘዘ። ኋላም ከብዙ አገር የተሰበሰቡ ጥናቶች ሲታዩ፣ ሄልሜት ያደረገ ሞተረኛ በአደጋ ጊዜ የመሞት ዕድሉ ካላደረገው በ42 ከመቶ ያህል ያነሰ ሆኖ ተገኘ።

ለአዲስ ሄልሜት ገንዘብ ባይኖርስ? እስኪገዛ ድረስ በባዶ ራስ ከመሄድ አሮጌው ይሻላል። ሞተር የገዛ ሰው ግን ለሄልሜት አጣሁ ቢለኝ እኔ አላምነውም። የተፈናጣጩም ራስ ራስ ነውና ሁለት ሄልሜት ያስፈልጋል።

የተጣለውን ሌላ ሰው አንሥቶ እንዳያደርገው ማሰሪያውን ቁረጡት። ጭሱ መርዝ ስለሆነ አታቃጥሉት። ፎሙን ዶሮ ትቆነጥረዋለችና አውጡት፤ ቅርፊቱ ውስጥ ጭድ አድርጋችሁ ዶሮ ትታቀፍበት።