ለሥዕልም ለጽሑፍም አንድ ደብተር

"ስኬች ቡክ ልገዛ ነው፤ የትኛው ይሻላል?" የሚል ጥያቄ በውስጥ መስመር ደጋግሞ ይደርሰኛል። አስከትላችሁ የምትጽፉትም ይመሳሰላል፦ አንዱ ለሥዕል፣ አንዱ ለዕለት ማስታወሻ። ለእያንዳንዳችሁ ለየብቻ ከምመልስ እዚህ ሰብሰብ አድርጌ ልጻፈው። ምክሬ ሁለት እንዳትገዙ ነው። አንድ ደህና ደብተር ግዙና ሥዕሉም ጽሑፉም እዚያው ይግባ።

አንድ ሊስትሮ ጫማ ላይ አጎንብሶ ሲሠራ የጀርባውን ጉብጠትና የክርኑን አጣጠፍ በጥቂት መስመር ትይዙታላችሁ። በቃላት ቢሆን ግማሽ ገጽ ይፈጃል፤ ያውም ከተሳካ። ልጁ ቀና ብሎ ለደንበኛው ምን እንዳለ፣ ሳጥኑ ላይ የማንን ፎቶ እንደለጠፈ፣ ዝናብ ሲመጣ ዕቃውን እንዴት እንደሰበሰበ ግን እርሳስ አይነግራችሁም። ከንድፉ ጎን ሁለት መስመር ስትጽፉበት ያ ሰዓት ከነሕይወቱ ይያዛል። ደብተሩ ሁለት ከሆነ አንዱ ቤት ይቀራል፤ የሚቀረውም ያን ቀን የምትፈልጉት ነው።

ነገሩ አዲስ አይደለም። ፈረንሳዊው ሰዓሊ ኤዠን ዴላክሯ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1832 ከአገሩ የዲፕሎማሲ ልዑክ ጋር ሞሮኮ ሲሄድ በያዛቸው ደብተሮች ላይ ንድፍ፣ የውሃ ቀለምና የእጅ ጽሑፍ በአንድ ገጽ ላይ ተቀላቅለው ይታያሉ። ቀለም ለመቀባት ጊዜ ሲያጥረው የልብሱንና የግድግዳውን ቀለም በቃላት ጽፎ ያልፋል። በ1863 እስኪሞት ድረስ ስለ ሰሜን አፍሪካ ሲሥል የኖረው ከእነዚያ ገጾች እየቀዳ ነው። የእኛም የብራና መጻሕፍት ቢሆኑ ሥዕሉን፣ ሐረጉንና ጽሑፉን በአንድ ጥራዝ የያዙ ናቸው። በብዙ ወንጌሎች ባዶ ቅጠሎች ላይ ደግሞ የመሬት ስጦታና የአጥቢያው ጉዳይ ሳይቀር ተመዝግቦ ይገኛል።

ወደ ምርጫው ልግባ። መጀመሪያ ወረቀቱን እዩ፤ ሽፋኑ መጨረሻ ይድረስ። የወረቀት ውፍረት የሚነገረው አንድ ካሬ ሜትር ወረቀት ስንት ግራም እንደሚመዝን በመግለጽ ነው። ፎቶ ኮፒ ቤት የምናውቀው ነጭ ወረቀት አብዛኛውን ጊዜ 80 ግራም ነው። እርሳስና ስክሪፕቶ ይችላል፤ እርጥብ ብሩሽ ሲነካው ግን ይኮማተራል። የውሃ ቀለም ወረቀት የሚባለው ደህናው 300 ግራም ነው። ቀለሙን በደንብ ይሸከማል፤ ነገር ግን ውድ ነው፣ ደብተሩም ጥቂት ቅጠል ብቻ ነው የሚኖረው፣ የብዙዎቹ ገጽ ሻካራ ስለሆነ ደግሞ ስክሪፕቶ እየዘለለ ይጽፋል። ለሁለቱም ሥራ ለሚሆን ደብተር ከ120 እስከ 160 ግራም ያለውን ፈልጉ። በዚህ ላይ ቀጠን ያለ የውሃ ቀለም ማልበስ ይቻላል፤ ትንሽ ቢሸበሸብም ሲደርቅና ሲጫን ይመለሳል።

ሽፋኑ ላይ ግራሙ ካልተጻፈስ? ሒሳቡ ቀላል ነው። የኤ4 ወረቀት የካሬ ሜትር አንድ አሥራ ስድስተኛ ነው፤ ስለዚህ ባለ 80 ግራሙ አንድ ቅጠል 5 ግራም ይመዝናል። ኤ5 የዚያ ግማሽ ነው። 64 ቅጠል ያለው የኤ5 ደብተር በድምሩ 2 ካሬ ሜትር ወረቀት አለው ማለት ነው፤ ወረቀቱ 120 ግራም ከሆነ ሽፋኑን ሳይጨምር 240 ግራም ይሆናል። ሚዛን ያለው ሱቅ ጎረቤት ካለ ታወቀ ማለት ነው። ሚዛን ባይኖርም ገጹን ወደ ብርሃን አንሱት፤ ከጀርባው ያደረጋችሁት የጣታችሁ ቅርጽ ጥርት ብሎ ከታየ ወረቀቱ ስስ ነው፣ በአንድ በኩል የጻፋችሁት በሌላው በኩል ያስቸግራችኋል።

መስመር ያለው ደብተር ይቅርባችሁ። ተማሪ ቤት የለመድነው እሱን ስለሆነ እጃችን ወዲያው መስመሩን ይከተላል፤ ሥዕሉም እንደ ጽሑፍ ከላይ ወደ ታች ይደረደራል። ወረቀቱ ከአሲድ ነጻ መሆኑ ከተጻፈበት ይበልጥ ጥሩ፤ ቶሎ አያረጅም። የጋዜጣ ወረቀት ቶሎ ቢጫ የሚሆነው እንጨቱ ውስጥ ያለው ሊግኒን የሚባል ነገር ከብርሃንና ከአየር ጋር ሲገናኝ ስለሚለወጥ ነው፤ ርካሽ ደብተርም ዕጣው ያው ነው።

ቀጥሎ ጥረዛው። ደብተሩን ከአናቱ በኩል ወደ ጀርባው ተመልከቱ። ቅጠሎቹ በትንንሽ እጥፍ ተሰብስበው፣ በእጥፎቹም መካከል ክር ካያችሁ የተሰፋ ነው። እንዲህ ያለው ሲከፈት ጠረጴዛ ላይ ይተኛል፤ ሁለቱን ገጽ እንደ አንድ ሰፊ ገጽ ልትሥሉበት ትችላላችሁ። የብራና መጻሕፍታችን የተያዙት በዚሁ መንገድ ነው፤ የታጠፉት ቅጠሎች በክር ተሰፍተው ከእንጨት ገበታው ጋር ይያያዛሉ፤ ለብዙ መቶ ዓመታት ሲገለጡ የኖሩ አሉ። በሙጫ ብቻ የተያዘው ግን በእጅ ካልጫኑት ይዘጋል፤ በኃይል ሲከፍቱት ደግሞ ቅጠሉ ይለቃል።

በጀት ለጠበበበት ሰው ጥሩ መላ አለ። የምትፈልጉትን ወረቀት በነጠላ ገዝታችሁ፣ በልክ አስቆርጣችሁ፣ ፎቶ ኮፒ ቤት ስፓይራል ማስጠረዝ ነው። ከፊትና ከኋላ ጠንካራ ካርቶን አስገቡበት፤ ቆማችሁ ስትሥሉ እንደ ጠረጴዛ ያገለግላል። የሁለት ዓይነት ወረቀት ቅልቅል ማድረግም ትችላላችሁ፦ ብዙው ለንድፍና ለጽሑፍ፣ በየመሐሉ ወፍራም ቅጠል ለቀለም። ይህን ከሱቅ መደርደሪያ ላይ እንኳን አታገኙትም። ጉድለቱ የሽቦው ቀለበት መሐል ላይ ስለሚገባ በሁለት ገጽ ላይ ለተዘረጋ ሥዕል አለመመቸቱ ነው።

መጠን በተመለከተ ለአብዛኛው ሰው ኤ5፣ ማለትም 148 በ210 ሚሊ ሜትር፣ ይበቃል። ቦርሳ ውስጥ ይገባል፣ ታክሲ ውስጥ ጭን ላይ ይቀመጣል። ኤ4 ቤት ለሚሠራ ነው።

መሣሪያ አታብዙ። ተራ ስክሪፕቶ ለዚህ ሥራ ግሩም ነው። ቀለሙ ዘይታማ ስለሆነ ወደ ጀርባ አያልፍም፤ እጅ ሲቀል ይፈዛል፣ ሲጫን ይጠቁራል፤ በዚያው ብዕር ጽሑፉንም ትቀጥላላችሁ። ጄል ብዕር ሲጽፍ ያምራል፤ ብዙዎቹ ግን ውሃ ሲነካቸው ይሟሟሉ፣ ስለዚህ ላዩ ላይ ቀለም ከመቀባታችሁ በፊት ሞክሩ። ፐርማነንት ማርከር በስስ ወረቀት ላይ እስከ ሦስተኛው ገጽ ሊዘልቅ ይችላል። አዲስ ደብተር ስትከፍቱ ያሏችሁን ብዕሮች በሙሉ በመጨረሻው ገጽ ላይ ሞክሩ፤ ከሥራቸውም የየትኛው ብዕር መስመር እንደሆነ ጻፉ። በላዩ ላይ ትንሽ ውሃ አስኪዱበት፤ ሲደርቅ ገልጣችሁ ጀርባውን እዩ።

እርሳስ ከሆነ ኤችቢና 2ቢ ይበቃሉ። ከዚያ የለሰለሰ እርሳስ፣ በተለይ 6ቢ፣ ደብተሩ ቦርሳ ውስጥ ሲታሽ ፊት ለፊት ያለውን ገጽ ያጠቁረዋል። ስለዚህ ቀኝ ገጽ ላይ ሥሉ፣ ግራው ላይ በስክሪፕቶ ጻፉ፤ ቢነካካም ጽሑፉ ይነበባል። ቀንና ቦታ ግን ከንድፉ አጠገብ ይሁን። ዓመቱን አትርሱ፤ "መስከረም 12" ብቻ የተጻፈበት ገጽ የየትኛው መስከረም እንደሆነ በኋላ ማንም አያውቅም።

የማትወዱትን ገጽ አትቅደዱ። በተሰፋ ደብተር ውስጥ እያንዳንዱ ቅጠል ከእጥፉ ማዶ ካለው ጋር አንድ ወረቀት ነው። አንዱን ስትቀዱት ማዶኛው የሚይዘው ያጣል፤ ከጊዜ በኋላ የወደዳችሁት ሥዕል ተላቆ ይወድቃል።

ብዙዎቻችሁ የምትፈሩት በሰው ፊት መሣል ነው። አገራችን ውስጥ ደብተር ከፍቶ ሰው ሰው የሚያይ ይጠየቃል፤ "ምን እየጻፍክ ነው?" ማለት የተለመደ ነው። አትደብቁ። ዘወር አድርጋችሁ አሳዩ፣ "እርስዎን እየሣልኩ ነበር፣ ቅር አይልዎትም?" በሉ። አብዛኛው ሰው ይስቃል፤ ፎቶ የሚያነሳም፣ "አፍንጫዬን አበዛኸው" የሚልም አለ። ያሉትን እዚያው ጎን ጻፉት፤ ከፈቀዱም ስማቸውን። አልወድም ካሉ ይቅርታ ጠይቃችሁ ገጹን ግለጡና ወንበሩን ሣሉ።