ካፒቴን ለመሆን ብዕርም ያስፈልጋል

የአይሮፕላን አብራሪነት ሙያ ሲነሣ ብዙ ሰው የሚታየው የሰላ ዓይን፣ የረጋ እጅና የማይደነግጥ ልብ ነው። እነዚህ ማስፈለጋቸው አይካድም። ነገር ግን መንገደኞች የጫነ ትልቅ አይሮፕላን በአዛዥነት ለመምራት የሚያበቃው ከፍተኛ የምስክር ወረቀት ከመገኘቱ በፊት አመልካቹ ከጠረጴዛ ፊት ተቀምጦ የሚፈተነው የጽሕፈት ፈተና እንዳለ የሚያስታውስ ጥቂት ነው። ፈተናው ምን እንደ ሆነና ስለ ምን እንዳስፈለገ ዛሬ ለአንባቢዎቻችን ለመግለጽ እንወዳለን።

ዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት ባወጣው ደንብ መሠረት ይህን የምስክር ወረቀት የሚሻ ሰው ዕድሜው ከ21 ዓመት፣ የበረራ ልምዱም ከ1,500 ሰዓት ማነስ የለበትም። ከዚህም ጋር በ9 የትምህርት ክፍሎች ዕውቀቱን ማስመስከር አለበት። እነርሱም የአየር ሕግ፣ የአይሮፕላን ጠቅላላ ዕውቀት፣ የበረራ ስሌትና የጭነት አደላደል፣ የሰው ችሎታና ወሰኑ፣ የአየር ጠባይ፣ የአቅጣጫ ጥናት፣ የአሠራር ደንብ፣ የበረራ መሠረተ ሐሳብና የሬዲዮ ንግግር ናቸው።

የፈተናው አሰጣጥ እንደየአገሩ ይለያያል። በአሜሪካ ዋናው የአየር መንገድ አብራሪዎች ፈተና 125 ጥያቄዎች ሲኖሩት የተፈቀደው ጊዜ 4 ሰዓት፣ የማለፊያውም ነጥብ ከመቶ 70 ነው። በአውሮፓ ትምህርቱ በ13 ተከፍሎ በእያንዳንዱ ከመቶ 75 ይጠየቃል፤ ሁሉም በ18 ወር ውስጥ መጠናቀቅ አለበት። ዛሬ መልሱ የሚሰጠው በኮምፒዩተር ቢሆንም የጽሕፈት ፈተና መባሉ አልቀረም።

ይህ ሁሉ ለወረቀት ብቻ የሚደረግ ልፋት የሚመስለው ቢኖር ከደሴ ተነሥቶ የሐረጎን ጠመዝማዛ መንገድ ይዞ ወደ ኮምቦልቻ ይውረድ። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ባለው ተራራማ ስፍራ የተቀመጠች ስለ ሆነች በአየር የሚሄደው መንገደኛዋ የሚሳፈረው በኮምቦልቻ ማረፊያ ነው። የኮምቦልቻው ሜዳ ከፍታ ወደ 1,850 ሜትር ይሆናል።

በዚህ ከፍታ ላይ በመደበኛው ስሌት የአየሩ ሙቀት 3 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ነው። አሁን ሙቀቱ 27 ዲግሪ የደረሰበትን አንድ ቀትር እናስብ። አየር ሲሞቅ ይሳሳል፤ ሲሳሳ ክንፉ የሚደገፍበት፣ ሞተሩም የሚተነፍሰው ይቀንስበታል። ሒሳቡ ሲሠራ በዚያ ሰዓት ከኮምቦልቻ የሚነሣ አይሮፕላን የሚያገኘው አየር በመደበኛ ቀን 2,700 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ እንደሚገኘው አየር የሳሳ ነው። በሌላ አነጋገር አይሮፕላኑ ሜዳውን ሳይለቅ ከደሴ ከተማ በላይ እንደ ወጣ ይቈጠራል! ከመሬት ለመነሣትም በመደበኛ ቀን ከባሕር ወለል ላይ ከሚነሣበት ይልቅ 14 በመቶ ያህል ፈጥኖ መሮጥ ይገባዋል፤ ስለዚህ የሚፈልገው መንደርደሪያ ይረዝማል፤ ሽቅብ የሚወጣውም በዝግታ ነው። ተራራው ግን ከስፍራው ፈቀቅ አይልም።

እንግዲህ ካፒቴኑ ጭነት ይቀንሳል፣ ወይም የማለዳውን ቅዝቃዜ ይመርጣል። ዕቃው ወደ ኋላ የቀረበት መንገደኛ ቢያጕረመርም አይፈረድበትም፤ ሒሳቡ የተሠራው ግን ለራሱ ሕይወት መሆኑን ቢያውቅ ደግ ነው። የጽሕፈቱ ፈተና የሚጠይቀው እንዲህ ያለውን ነገር ነው። በአየር ላይ ስሕተትን ለመማሪያ ማድረግ ስለማይቻል ጥያቄው በምድር ላይ አስቀድሞ ይቀርባል።

ያለፉ ጥያቄዎችን ከነመልሳቸው ሸምድዶ ፈተናውን ለመወጣት የሚሞክር በየአገሩ አይጠፋም። ቀትር ግን ከአራት ምርጫ አንዱን አክብቡ ብሎ አይጠይቅም። የተሸመደደ መልስ ቍጥሩ አንድ ጊዜ ሲለወጥ ከንቱ ሲሆን፣ ምክንያቱን የተረዳ ሰው ግን በማናቸውም ሜዳ ላይ አዲሱን ቍጥር ይዞ ይሠራል።

ዕውቀቱ ከሥራው ጋር መያያዝ እንዳለበት ዓለም የተማረው በብርቱ ኀዘን ነው። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በየካቲት 2009 ዓ.ም. በአሜሪካ በቡፋሎ ከተማ አጠገብ አንድ ዳሽ 8 ኪው 400 አይሮፕላን ወድቆ 50 ሰዎች ሞቱ። የምርመራው ውጤት እንዳስረዳው ካፒቴኑ ለማስጠንቀቂያው የሰጠው ምላሽ ተገቢው አልነበረም። በ2010 የወጣው ሕግ ረዳት አብራሪዎችም ጭምር ይህን ከፍተኛ የምስክር ወረቀት እንዲይዙ አስገደደ። ከነሐሴ 2014 ወዲህም አመልካቹ ለጽሕፈቱ ፈተና ከመቅረቡ በፊት የ30 ሰዓት የክፍል ትምህርትና የ10 ሰዓት የማስመሰያ መሣሪያ ልምምድ እንዲፈጽም ተደነገገ።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ በታኅሣሥ 1938 ዓ.ም. ሲቋቋም አይሮፕላኖቹን የሚመሩት የውጭ አገር ሰዎች ነበሩ። ካፒቴን ዓለማየሁ አበበ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1957 የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ አዛዥ አብራሪ ሲሆኑ ለተከታዮቻቸው በር ተከፈተ። ያ በር ዛሬም ክፍት ነው፤ መግቢያው ግን ጥናት ነው።

ስለዚህ በወይዘሮ ስሂንም ሆነ በኮምቦልቻ ትምህርት ቤቶች የሚማሩ፣ ወደ ሰማይ እያዩ የሚመኙ ልጆቻችን ሒሳብን፣ ፊዚክስንና እንግሊዝኛን ከዛሬው አጥብቀው ይያዙ እንላለን። ወላጆችም የልጃቸውን ምኞት ቅዠት ነው ብለው አያጣጥሉ፤ ይልቁንስ ማታ የሚያጠናበትን መብራት ያብሩለት። አንድ ቀን በኮምቦልቻ ቀትር ስንት መንገደኛ እንደሚሳፈር የሚወስነው እርሱ ወይም እኅቱ ሊሆኑ ይችላሉና።