በዱር ዳር ስላለችው ስለ ሱባ መንደር

ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ፤ በወጨጫ ተራራ ግርጌ፤ ሱባ የምትባል ትንሽ መንደር ትገኛለች። ከበላይዋ ጥድ፤ ዝግባ፤ ወይራና ኮሶ የበቀለበት የመናገሻ ዱር አለ። እንደሚነገረው፤ ይህን ዱር ከወፍ ዋሻ የጥድ ዘር አስመጥተው ያስተከሉት ከ1426 እስከ 1460 ዓ.ም. የነገሡት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ናቸው።

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች ወዲህ፤ ለቤት መሥሪያና ለማገዶ ሲባል በዙሪያዋ ያለው እንጨት ፈጥኖ ስላለቀ፤ መናገሻው ወደ አዲስ ዓለም ሊዛወር ታስቦ ነበር። ከተማይቱን ከዚህ ችግር ያወጣት በ1887 ዓ.ም. ገደማ የገባው ባሕር ዛፍ ነው፤ ፈጥኖ ያድጋል፤ ቢቆረጥም ከጉቶው ዳግመኛ ያቆጠቁጣልና። የሐበሻ ጥድ ግን እድገቱ ዝግ ያለ ነው፤ ከጉቶውም አያቆጠቁጥም። አባት በአንድ ቀን የጣለውን ጥድ የሚተካ ዛፍ ለማየት የሚደርሰው የልጅ ልጁ ነው።

የመንደር ሰው ዛፍ የሚቆርጠው ዱሩን ጠልቶ ሳይሆን፤ የሚያነደውና የሚሸጠው ቢያጣ ነው። ስለዚህ ዘበኛ ማቆም ብቻውን ዱርን አያድንም። በዱር ዳር ያለ መንደር የሚያስተዳድር ሹም ሦስት ነገር ሊያስብ ይገባዋል።

አንደኛ፤ ለየቤቱ ማገዶ የሚሆን ባሕር ዛፍ በጭንጫ መሬት ይተከል፤ ውሃ አብዝቶ ስለሚጠጣ ግን ከምንጭና ከእርሻ ይራቅ።

ሁለተኛ፤ የጥድ ችግኝ እስኪጠና ድረስ በአጥር ከከብት ይጠበቅ።

ሦስተኛ፤ የወደቀውን ደረቅ እንጨት የመንደሩ ሰው እንዲለቅም ይፈቀድለት፤ ከዱሩ የሚጠቀም ሰው ለዱሩ ጠባቂ ይሆናልና።

ዳገቱ በተራቆተ ጊዜ ጎርፍ አስቀድሞ የሚያጠፋው የዚያኑ መንደር እርሻ ነው።