ብረት በሉን ጭራቅ ማን አለዘበው?

ሮማዊው ጸሐፊ ፕሊኒ በመጀመሪያው ክፍለ ዘመን ስለ እንስሳት ሲጽፍ፣ ካቶብሌፓስ የሚባል አውሬ በኢትዮጵያ እንደሚኖር አስፍሯል። ኢትዮጵያ ሲል ከግብፅ በስተደቡብ ያለውን ምድር በጅምላ ማለቱ ነው። የአውሬው ሰውነት መጠነኛ ነው፤ ራሱ ግን ለአንገቱ ስለከበደው ሁልጊዜ እንዳቀረቀረ ይሄዳል። ማቀርቀሩ ለሰው ልጅ በጀ፤ ዓይኑን ያየ ሁሉ እዚያው ይሞታልና። ወሬው ራሱን ደፍቶ ከሚግጠው ዋይልድቢስት የመጣ ሳይሆን አይቀርም የሚሉ አሉ።

ይኸው አውሬ በ1977 አሜሪካ ውስጥ የጨዋታ መጽሐፍ ገባ (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። መጽሐፉ «ማንስተር ማንዋል» ይባላል፤ ከ350 በላይ ጭራቆች በፊደል ተራ ተደርድረውበታል። ደንቡ ከፕሊኒ የባሰ እንጂ የተሻለ አልነበረም፤ ዓይኑን ያየ ተጫዋች ይሞታል፣ ዕድሉን በዳይስ መሞከር እንኳ አይፈቀድለትም። በ2016 አውሬው በሌላ መጽሐፍ ሲመለስ ግን ዓይኑ ጨረር የሚወረውር ሆኗል። የጨዋታው መሪ ስምንት ባለ ስምንት ገጽ ዳይስ ይጥላል፤ አማካይ ጉዳቱ 36 ነጥብ ነው። ተጎጂውም ዳይስ ጥሎ ከቀናው ግማሹን ይድናል፤ ክፉኛ ከሳተ 64 ሙሉውን ይቀበላል። በሁለቱ መጻሕፍት መካከል አንድ ሰው ቁጭ ብሎ «ይህ ነገር ሰውን መግደል ያለበት እንዴት ነው?» ብሎ ማሰብ ነበረበት። ጭራቅ ማደስ ማለት ይኸው ነው፤ ሙያ ነው፣ ደመወዝም ይከፈልበታል።

ጨዋታው ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ ነው። ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን የደረሱት ይህ ጨዋታ በ1974 ታተመ፤ አሳታሚው ቲኤስአር መቀመጫው በዊስኮንሲን ግዛት በሌክ ጄኒቫ ከተማ ነበር። ጥቂት ሰዎች ጠረጴዛ ከብበው ይቀመጣሉ። አንዱ መሪ ሆኖ ታሪኩን ይተርካል፣ ጠላትንም ያንቀሳቅሳል። የቀሩት እያንዳንዳቸው አንድ ጀግና ይዘው «በሩን እከፍታለሁ»፣ «በሰይፌ እለዋለሁ» ይላሉ፤ መሳካት አለመሳካቱን ባለ ሃያ ገጽ ዳይስ ይቆርጣል። ለመሪው ጭራቅ ማለት አንድ ሰንጠረዥ ነው፤ ለመምታት ስንት ያስፈልጋል፣ ስንት የሕይወት ነጥብ አለው፣ ሲመታ ስንት ይጎዳል፣ ከዚያ በተረፈ የራሱ የሆነ ክፋቱ። ደንቡ በ1989፣ በ2000፣ በ2008፣ በ2014 እና በ2024 ታድሷል። ደንቡ በታደሰ ቁጥር ጭራቆቹም አንድ በአንድ ወደ ሥራ ጠረጴዛው ይመለሳሉ።

ከእነዚህ ሁሉ ብዙ ከተመላለሱት አንዱ ብረት በሉ ነው፤ በእንግሊዝኛ ስሙ ረስት ማንስተር። አመጣጡ ራሱ ያስቃል። ጋይጋክስ በርካሽ ዕቃ መደብር ሆንግ ኮንግ የተሠሩ የፕላስቲክ መጫወቻዎች ገዝቶ ለውጊያ አሻንጉሊትነት ያውላቸው ነበር። የቅድመ ታሪክ እንስሳት ተብለው ይሸጡ እንጂ በምድር ላይ እነሱን የሚመስል ፍጡር ታይቶ አይታወቅም። አንዱ የጉጉት ራስ ያለው ድብ ሆነ። ሌላው መሬት ሰንጥቆ የሚወጣ፣ ቡሌት የተባለ አውሬ ሆነ። ጭራው ጫፍ ላይ የማራገቢያ ምላስ የመሰለ ነገር የነበረው ደግሞ ብረት በሉን ወለደ።

ብረት በሉ ሰው አይበላም። ሁለት ረጃጅም አንቴናዎች አሉት፤ በነሱ የነካው ብረት ወዲያው ዝጎ ይረግፋል፣ እሱም ዝገቱን ይልሳል። በ1977ቱ ደንብ ተራ ጥሩር ከነካው አለቀለት። አስማት ያለበት ብቻ ትንሽ የመትረፍ ዕድል አለው። ይህን ከተጫዋቹ ወንበር ሆኖ ማየት ነው። ሙሉ የብረት ጥሩር በ2014ቱ ዋጋ ዝርዝር 1,500 የወርቅ ሳንቲም ያወጣል፤ ተጫዋቹ ይህን ያጠራቀመው ወራት ከዘለቀ ጨዋታ ነው። ደራጎን ቢያቆስለው ግድ የለውም፣ ቁስል በአንድ ሌሊት እንቅልፍ ይድናል። ብረት በሉ ብቅ ሲል ግን ያ ሁሉ ጊዜ ባለ ሰይፍ ጀርባ የተደበቀው ጠንቋይ ወደ ፊት ይወጣል፣ ፈረሰኛው ጥሩሩን እያወለቀ ይሸሻል፣ አንዱ ደግሞ ዱላ ፍለጋ ወንበር ይሰብራል። እንዲህ ያለውን ትርምስ ሌላ ጭራቅ አያመጣም።

አዳሾቹ ታዲያ ምን አደረጉ? በ2000ው እትም አስማት ያለበት ዕቃ አሁንም በዳይስ የመትረፍ ዕድል ነበረው፤ ተራው ብረት ግን እንደ ድሮው ይረግፋል። በ2009 ለ2008ቱ እትም የወጣው መጽሐፍ ዝገቱን በደረጃ አደረገው፤ ከዚያም ጭራቁ ሲገደል ሆዱ ውስጥ የዕቃውን ዋጋ የሚመልስ የአስማት ዱቄት ይገኛል አለ። የ2014ቱ መሃል መንገድ ያዘ፦ አንቴናው በነካ ቁጥር ጥሩሩ አንድ ነጥብ ይቀንሳል፤ ጥበቃው ወደ 10 ከወረደ ይጠፋል።

የ2009ኙን ነገር አልወደውም። የተበላ ንብረት ከሆድ ዕቃ ተመንዝሮ ከተመለሰ፣ ያ ሁሉ ሽሽት ለምን አስፈለገ? የ2014ቱ ግን ብልህ ነው። ጥሩሩ ከ18 ወደ 17፣ ከ17 ወደ 16 ሲወርድ ተጫዋቹ «አሁን ልሽሽ ወይስ አንድ ዙር ልጨምር?» እያለ ይጨነቃል። ጭንቀቱ አልጠፋም፤ ተዘረጋ እንጂ። ጥሩ እድሳትን ከመጥፎው የምለየውም በዚህ ነው፤ ጭራቁ ምን ያህል ይጎዳል ሳይሆን፣ ወንበሩ ላይ የተቀመጠውን ሰው ምን እንዲመርጥ ያስገድደዋል።

ቁጥሩ ግን እንዲሁ አይታለፍም። አራት ተጫዋቾች አሉ እንበል፤ እያንዳንዳቸው ከሦስት ምት ሁለቱ ያህል ይሳካላቸዋል፣ ሲሳካም 8 ነጥብ ይጎዳሉ። በአንድ ዙር 21 ገደማ ነው። ጭራቁ 60 የሕይወት ነጥብ ካለው በሦስት ዙር ይወድቃል፤ ይህ ደስ የሚል ውጊያ ነው። 240 ካለው አሥራ ሁለት ዙር ይቆያል፤ ያኔ ሰው ስልኩን ማየት ይጀምራል። የ2008ቱ እትም የታማው በዚህ ነበር፤ ውጊያው አላልቅ አለ። አዘጋጆቹ ሲጨንቃቸው በ2010 ባወጡት ሦስተኛው የጭራቆች መጽሐፍ የጉዳቱን ቁጥር ከፍ አደረጉ። ከዚያው እትም የወጣ አንድ ጥሩ ሐሳብ ግን አለ፦ አንድ ነጥብ ብቻ ያላቸው ተራ ወታደሮች። በመጀመሪያው ምት ስለሚወድቁ መሪው ሃያ ጠላት ቢያሰልፍ እንኳ ሂሳብ አይበዛበትም።

ደራጎን ሌላ ችግር አለበት። ብቻውን ነው፤ ተጫዋቾቹ አራት ጊዜ ሲንቀሳቀሱ እሱ አንዴ ብቻ። በ1977 ትልቁ ቀይ ደራጎን ከ88 ነጥብ አያልፍም ነበር፣ ቶሎም ይሞት ነበር። በ2014 አዋቂው ቀይ ደራጎን 256 ተሰጠው፤ ዋናው መፍትሔ ግን ቁጥሩ አይደለም። ሌሎቹ ተራቸውን በጨረሱ ቁጥር ጣልቃ እየገባ በየዙሩ እስከ ሦስት ጊዜ ጭራውን ማወዛወዝ ወይም ክንፉን መምታት ተፈቀደለት። አሁን በእሱ ፊት ማንም ተዝናንቶ ተራውን አይጠብቅም።

መልክም ይታደሳል። ለ2000ው እትም ሠዓሊዎቹ ቶድ ሎክዉድና ሳም ዉድ ደራጎኖቹን ከአጥንትና ከጡንቻ ጀምረው ሣሏቸው፤ ቀለም ባይኖር እንኳ ጥላቸው እንዲለይ። ሰማያዊው አፍንጫው ላይ አንድ ትልቅ ቀንድ አለው፤ የጥቁሩ ቀንዶች ወደ ፊት ይታጠፋሉ። ኮቦልድ የሚባሉት ድንክዬዎች በ1977ቱ ሥዕል የውሻ ፊት ነበራቸው፤ በ2000 የደራጎን ዘመድ የሆኑ እንሽላሊቶች ሆነው ብቅ አሉ። ጃፓኖች ግን በየካርቱናቸው አሁንም እንደ ውሻ ይሥሏቸዋል፤ ልክ ናቸው፣ የድሮው ይሻላል።

አንዳንዱ እድሳት ደግሞ ከጠበቃና ከወላጅ የመጣ ነው። የቶልኪን ሥራዎች ባለመብቶች ስላስጠነቀቁ ሆቢት ሃፍሊንግ፣ ባልሮግ ባሎር ተባለ። ጨዋታው የሰይጣን አምልኮ ነው የሚል ጩኸት በ1980ዎቹ ስለበረታ በ1989ኙ እትም አጋንንት ከነስማቸው ወጡ፤ ኋላ ታናሪና ባኣቴዙ በሚል ስም ተሸሽገው ገቡ፣ በ2000 የድሮ ስማቸው ተመለሰላቸው። ተፎካካሪው አሳታሚ ፓይዞም፣ በጨዋታው ደንብ ለመጠቀም በሚያስችለው ፈቃድ ላይ ጭቅጭቅ በ2023 ከተነሳ በኋላ፣ ፓዝፋይንደር ከተባለው ጨዋታው በቀለም የሚጠሩትን ደራጎኖች አውጥቶ ሌሎች ተካ።

ወረቀቱም ያስቸግራል። በ1989 አሳታሚው ጭራቆቹን በሚከፈት ማኅደር፣ በሚነቀሉ ቅጠሎች አወጣቸው። ሐሳቡ አዲስ ጭራቅ ሲመጣ ቅጠሉን በፊደል ተራው መካከል ማስገባት ነበር። ችግሩ፣ በአንዱ ቅጠል ፊትና ጀርባ ሁለት የተለያዩ ጭራቆች ታትመዋል፤ የፊቱ ቦታውን ሲያገኝ የጀርባው ያጣል። ቅጠሎቹም ቀዳዳቸው ላይ ይቀደዳሉ። በ1993 ወደ ጠንካራ ጥራዝ ተመለሱ።

የ2024ቱ ደንብ የጭራቆች መጽሐፍ በየካቲት 2025 ወጣ፤ ከ500 በላይ ጭራቅ ይዟል። ተኩላ ከነከሰህ ወደቅህ ነው፤ እንደ 2014ቱ ላለመውደቅ ዳይስ መጣል ቀርቷል፤ መሪውም በየንክሻው ጨዋታውን አያቆምም። ጎብሊን የተረት ፍጡር፣ ኮቦልድ ደግሞ ደራጎን ተብሎ ተመድቧል። ኦርክ የራሱ ገጽ የለውም፤ ኦርክ ማሰለፍ የፈለገ መሪ ለማንኛውም ሰው የሚያገለግለውን የተዋጊ ሰንጠረዥ ወስዶ የፈለገውን ይጨምርበታል። ይህ በተጫዋቾች ዘንድ ብዙ አከራክሯል። ያልተስማማው የ2014ቱን መጽሐፍ ከመደርደሪያው ያወርዳል፤ የድሮው ኦርክ ከጥቂት ማስተካከያ ጋር በአዲሱም ደንብ ይዋጋል።