የዕረፍት ቀንሽን ይዘሽ ወደ ጅዳ፣ አንድ ቀን ደግሞ ወደ መካ

እህቴ፣ ከኤርፖርት አሠሪሽ ቤት ከደረስሽ ወዲህ ወራት አልፈው ይሆናል። ጅዳ ትኖሪያለሽ፣ ጅዳን ግን አታውቂያትም። አሁን ማዳም "ዓርብ ውጪ" አለችሽ እንበል። ወዴት? ምን ይዘሽ?

የመጀመሪያው ጉዳይ ከበሩ በፊት ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 ወጥቶ ከኦክቶበር 2024 ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለው የሳዑዲ የቤት ሠራተኞች ደንብ በሳምንት ከ24 ተከታታይ ሰዓት ያላነሰ፣ የሚከፈልበት ዕረፍት ይሰጥሻል። መብትሽ ነው። ሆኖም ሳይነጋገሩ መውጣት መዘዝ አለው፤ ሰዓቱ ካለፈና ስልክሽ ከተዘጋ "ጠፋች" የሚል ሪፖርት ሊከተል ይችላል። ሁሩብ የሚባለው ያ ነገር ከተመዘገበብሽ ለማስነሣት ብዙ ያለፋል። ስለዚህ የምትሄጂበትንና የምትመለሺበትን ሰዓት በዋትሳፕ ጻፊላት። በቃል ብቻ አትስማሚ፤ የተጻፈው ማስረጃሽ ነው።

እዚህ ላይ ብዙዎችን የሚያሳስት ነገር አለ። ማዳም "ሳዓ ተስዓ" ካለችሽ በእነሱ 9 ሰዓት ነው፤ በእኛ አቆጣጠር ግን ከምሽቱ 3 ሰዓት። በአማርኛ እያሰብሽ በዐረብኛ ቀጠሮ አትያዢ። ስልክሽ ላይ ያለውን ቁጥር አሳይተሽ ተማመኚ።

ኢቃማሽን ያዢ። ካርዱ ከሌለሽ በአብሽር ወይም በተወከልና ላይ ያለው ዲጂታሉ ይሠራል። ፓስፖርትሽን አሠሪ እንዳይዝ ደንቡ ይከለክላል፤ ለአንድ ቀን ሽርሽር ግን ይዘሽው አትዙሪ፣ ከጠፋ ጣጣው ብዙ ነው። ከመውጣትሽ በፊት በሩ ላይ ቆመሽ ሎኬሽን ለራስሽም ለጓደኛሽም ላኪ። የማዳምን ስልክና የሰፈሩን ስም በወረቀት ጽፈሽ ቦርሳሽ ውስጥ ክተቺ፣ ባትሪ ሲያልቅ ያን ጊዜ ታመሰግኚዋለሽ። በመካ ክልል፣ ጅዳንም ጨምሮ፣ የድንገተኛ አደጋና የፖሊስ ቁጥር 911 ነው።

ለመጀመሪያ ጊዜ የምትወጪ ከሆነ ወደ ሞል አትሂጂ። ሞል የትም አገር አንድ ነው። እኔን ከጠየቅሽኝ ወደ በላድ ሂጂ። በላድ አሮጌው ጅዳ ነው፣ በ2014 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበው። ቤቶቹ ከቀይ ባሕር በወጣ የኮራል ድንጋይ የተሠሩ ናቸው፤ ፊታቸው ላይ የተንጠለጠሉት የእንጨት መስኮቶች ሮሻን ይባላሉ። ውስጥ ያለችው ሴት ሳትታይ መንገዱን የምታይባቸው ናቸው። ቤት ውስጥ ሆኖ ውጭውን ማየት ምን እንደሚመስል ላንቺ መንገር አያስፈልግም። በይት ነሲፍን ጠይቂ፣ ንጉሥ ዐብዱልዐዚዝ በ1925 ጅዳን ሲይዙ ያረፉበት ቤት ነው። ደጁ ላይ ያለው የኒም ዛፍ በዘመኑ በከተማው ብቸኛው ዛፍ ስለነበር ቤቱ "ባለ ዛፉ" ይባል ነበር ይላሉ።

ከዐስር ሶላት በኋላ ድረሺ። ቀትር ላይ ሙቀቱና ወበቁ ይጥልሻል፣ ብዙ ሱቆችም ዝግ ናቸው፤ ገበያው የሚደምቀው ምሽት ላይ ነው። በሱቅ አል ዐለዊ ቅመም፣ ዕጣንና ጨርቅ ታገኛለሽ። ዋጋ ሲነግሩሽ ቶሎ አትክፈይ፣ "ኣኺር ሲዕር?" በይ፤ የመጨረሻው ዋጋ ስንት ነው ማለት ነው። ለታክሲም ሳትገቢ "ቢካም?" ብለሽ ተስማሚ። በኡበር ወይም በካሪም ከጠራሽ ታርጋውን አመሳክሪ፣ ከኋላ ተቀመጪ፣ መውረጃሽ ሲደርስ "ዐለ ጀንብ፣ ለው ሰመሕት" ትያለሽ።

አማርኛ ስትናገሪ ሰምቶ የሚጠጋሽ ሰው አይጠፋም። አብዛኛው ናፍቆት ያለበት የአገር ልጅ ነው። ከመካከላቸው ግን "ደመወዝሽ ስንት ነው? የተሻለ ቤት አለኝ፣ ዛሬውኑ ነይ" የሚል ደላላ አለ። ቤት መቀየር ከፈለግሽ በሕግ የሚሄድበት መንገድ አለው፤ አቤቱታ ካለሽ የሠራተኛ ጉዳይ ስልክ 19911 ነው። ከገበያ ተነሥቶ ከማያውቁት ሰው ጋር መሄድ ያቺን የዕረፍት ቀን የሁሩብ መጀመሪያ ያደርጋታል።

ሲመሽ ወደ ኮርኒሽ ውረጂ። የንጉሥ ፋህድ ፏፏቴ የባሕር ውኃ ከ260 ሜትር በላይ ይተፋል። ከባሕሩ ማዶ አፍሪካ ናት። በ615 ገደማ የመጀመሪያዎቹ ሙስሊሞች ወደ ነጃሺ አገር ሲሰደዱ የተሻገሩት ይህንኑ ባሕር ነው፤ የተነሡት ግን ከጅዳ በስተደቡብ ካለው ከሹዐይባ ነበር ይባላል፣ ጅዳ ያኔ የመካ ወደብ አልሆነችም።

ስለ መካ። ክርስቲያን ከሆንሽ መካ አይገባም፣ ሃይማኖትሽም ኢቃማሽ ላይ ተጽፏል። ቤተሰቡ "አብረሽን ነይ" ቢልሽ በግልጽ ንገሪያቸው። ሙስሊም ከሆንሽ ግን ዑምራ በአንድ ቀን ይሞላል። ፈቃዱ በኑሱክ መተግበሪያ በኢቃማሽ ቁጥር በነፃ ይያዛል፤ ገንዘብ የሚጠይቅሽን ሰው ተዪው። የጅዳ ነዋሪ ስለሆንሽ ኢሕራምሽን ከቤትሽ ታስሪያለሽ፤ ልዩ ልብስ አያስፈልግሽም፣ ኒቃብና ጓንት ብቻ ይቀራሉ። የወር አበባሽ የሚመጣበትን ቀን አስቀድመሽ ቁጠሪ፣ በዚያ ሁኔታ ጠዋፍ ስለማይደረግ። ዓርብና ረመዷን ለመጀመሪያ ጊዜ አይመከሩም፣ ጭንቅንቁ ከባድ ነው። ከሐጅ በፊት ባሉት ሳምንታት ደግሞ ፈቃድ የሌለው ነዋሪ ከኬላ ይመለሳል። በ2025 ያለ ፈቃድ ሐጅ ለማድረግ የሞከረ ሰው ቅጣት እስከ 20,000 ሪያል ነበር።

የሐረመይን ባቡር ከጅዳ ሱለይማኒያ ጣቢያ ይነሣል፤ ቲኬቱን በስልክ ስትቆርጪ ስምሽ እንደ ኢቃማሽ ይጻፍ። መካ ጣቢያ ከሐረም ራቅ ስለሚል ከዚያ ታክሲ ወይም አውቶቡስ አለ። ሰባቱ የሶፋና መርዋ ጉዞ ብቻ ተደምሮ ከ3 ኪሎ ሜትር ያልፋል፤ ጫማሽን የምትይዥበት ትንሽ ከረጢት፣ ለእግርሽም ካልሲ አትርሺ። የገባሽበትን በር ቁጥር ፎቶ አንሺ፤ በሮቹ ብዙ ናቸው፣ ይመሳሰላሉም። ከጓደኛ ጋር ከሄድሽ የመገናኛውን በር ሳትገቡ ወስኑ፣ የመመለሻ ቲኬታችሁንም ጠዋት ቁረጡ፤ ማታ ላይ ቦታ ይሞላል፣ ማዳምም ሰዓት ትጠብቃለች።