ከሰዓቱ ሥር ያለው ቁስል

ሃያኛው የጋብቻ ዓመታችን ከመድረሱ በፊት ሁለት ዓመት ሙሉ በድብቅ ዕቁብ ጣልኩ። ባለቤቴ ያገባኝ ከታላቅ ወንድሙ በተዋሰው ሰዓት ነበር፤ ከሠርጉ ማግስትም መልሶ ሰጥቶታል። ስለዚህ የራሱ የሆነ፣ ለልጃችንም የሚተርፍ አንድ ጥሩ ሰዓት ላስርለት ተመኘሁ። ዕቁቡ ሲወጣልኝ አሜሪካ የምትኖረው እህቴ የጎደለውን ሞልታ፣ ስሙ የታወቀ የስዊዘርላንድ ሰዓት ገዝታ አመጣችልኝ። አካሉም ማሰሪያውም የሚያብረቀርቅ ብረት ነው። በዓሉ ዕለት በልጆቻችን ፊት እጁ ላይ ሳስርለት ዓይኖቹ እንባ አቀረሩ።

ሰዓቱን እሑድ እሑድና ሠርግ ሲኖር ያደርገው ነበር። በአራተኛው ወር ግን እጁ ባዶ ሆነ። በመጀመሪያው እሑድ ረስቶት ይሆናል አልኩ። በሁለተኛውና በሦስተኛውም እሑድ የሸሚዙን እጅጌ እስከ አንጓው ቆልፎ መድረክ ላይ ወጣ። ያን ጊዜ ልቤ ብዙ አወራ። ለሰው ሰጥቶት ይሆን? ምእመናን “መጋቢያችን ውድ ሰዓት አደረጉ” እንዳይሉት አፍሮበት ይሆን? ወይስ ከመጀመሪያውም አልወደደውም? ውድ አንባቢያን፣ እኔ ለሌሎች ባልና ሚስት “ተነጋገሩ” እያልኩ የማስተምር ሴት ነኝ። በራሴ ቤት ግን አምስት ሳምንት ዝም አልኩ። ዝምታዬም ማዕዳችን ላይ፣ ሰላምታችን ላይ፣ ጸሎታችንም ላይ ደረሰ።

አንድ ማክሰኞ ማታ ለእራት እጁን ሲታጠብ እጅጌውን ሰበሰበ። አንጓው ዙሪያውን ቀልቷል፤ ውኃ የቋጠሩ ትናንሽ ሽፍታዎች አሉበት፤ አንዳንዱ ቦታ በማከክ ብዛት ተልጧል። ከውስጥ በኩል የማሰሪያው መቆለፊያ ቅርጽ እንደ ማኅተም ታትሟል።

“ይህ ምንድን ነው?” አልኩት ደንግጬ።

“ሰዓቱ ይመስለኛል። ሁለት ዓመት ዕቁብ የጣልሽበትን እንዴት ብዬ አሳከከኝ ልበልሽ?” አለኝ።

እርሱ እኔን ላለማሳዘን ደበቀ፤ እኔ ደግሞ መደበቁን እንደ ንቀት ቆጠርኩት።

ምልክት ነው ወይስ ብረት?

ወሬው ወጣ ሲል ምክሩም በዛ። አንዲት የምንወዳቸው እናት ቁስሉን አይተው፣ “ልጄ፣ ይህ እንዲያው አይደለም። ወይ የሰው ዓይን ነው፣ ወይ ጌታ በሰዓቱ ደስ አልተሰኘም” አሉኝ። ሌላው ሥጋ ደዌ እንዳይሆን ፈራ። ሦስተኛው የራሱን ቅባት ላከልን። እኛም ጸለይን፤ ከጸለይንም በኋላ ወደ ቆዳ ሐኪም ሄድን።

ሐኪሟ አንጓውን ካዩ በኋላ ያልጠበቅነውን ጠየቁ፦ “ፓስተር፣ የቀበቶዎ ዘለበት የሚያርፍበት ቦታ አሳክኮዎት ያውቃል?” እኔ ቀድሜ መለስኩ። ከእምብርቱ ዝቅ ብላ ያለችውን ሻካራ ቦታ ለዓመታት ቫዝሊን ስቀባት ኖሬአለሁና። የቀበቶው ዘለበትና የሰዓቱ ብረት ኒኬል የሚባለውን ብረት ይጋራሉ። ባለቤቴ የኒኬል አለርጂ አለበት። ይህ አለርጂ ከብረቶች ሁሉ በብዛት የሚታየው ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ላብ ከብረቱ ጥቂት ኒኬል እያሟሟ ወደ ቆዳ ያስገባል። ሰውነታችን ይህን ኒኬል እንደ ጠላት ከመዘገበው በኋላ፣ በነካው ቁጥር ሊዋጋው ይነሳል። ውጊያው ግን ወዲያው አይጀምርም፤ ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ይዘገያል። ለዚህ ነው እሑድ የታሰረው ሰዓት ማክሰኞ ያሳከከው፤ ለዚህም ነው ባለቤቴ ብዙ ጊዜ ሳሙናውን ሲጠረጥር የቆየው። አለርጂው አንዴ ከጀመረ ደግሞ በአብዛኛው ዕድሜ ልክ አብሮ ይኖራል። ሥጋ ደዌን ለፈሩትም ሐኪሟ አንድ ነገር ነገሩን፤ የሥጋ ደዌ ምልክት የሆነ የቆዳ ክፍል ብዙውን ጊዜ ይደነዝዛል እንጂ እንዲህ አያሳክክም።

የኒኬል ስም ራሱ አስተማሪ ታሪክ አለው። ጀርመናውያን ማዕድን ቆፋሪዎች መዳብ የሚመስል ቀላ ያለ ድንጋይ ያገኙ ነበር። ሲያቀልጡት ግን መዳብ አልወጣው አለ። “ኒኬል የሚባለው የተራራ መንፈስ አታለለን” ብለው ድንጋዩን የኒኬል መዳብ አሉት። እ.ኤ.አ. በ1751 አክሴል ክሮንስቴት የተባለ ስዊድናዊ ከዚህ ዓይነት ማዕድን እስከዚያ ያልታወቀ ብረት ለይቶ አወጣ፤ ኋላም ኒኬል ብሎ ሰየመው። በመንፈስ የተሳበበው ነገር ብረት ሆኖ ተገኘ። እኛም ቤት የሆነው ይኸው ነው።

የመጽሐፍ ቅዱስ ትምህርት ቤት ሳለሁ ዘሌዋውያን 13ን አሰልቺ ምዕራፍ አድርጌ አልፌው ነበር። አሁን ሳነበው የካህኑ ትዕግሥት ይደንቀኛል። ቆዳው ላይ ምልክት ያለበት ሰው ሲመጣ ጉዳዩ ግልጽ ካልሆነ ካህኑ አይፈርድም፤ ሰባት ቀን ይጠብቅና እንደገና ያያል። እኛ ግን በአንድ እይታ “እርግማን ነው”፣ “አልወደደኝም” እንላለን።

ውድ መሆኑ አላዳነውም

“ርካሽ ብረት ቢሆን ኖሮ እሺ፤ ይህን ያህል ብር የወጣበት እንዴት ያቆስላል?” ብዬ ነበር። ዋጋና አለርጂ ግን አይተዋወቁም። ብዙ ጥሩ ሰዓቶች የሚሠሩበት 316ኤል የተባለው የማይዝግ ብረት ከ10 እስከ 14 በመቶ ኒኬል አለው። ሮሌክስ እ.ኤ.አ. ከ1985 ጀምሮ መጠቀም የጀመረው 904ኤል የተባለው ብረት ደግሞ ከ23 እስከ 28 በመቶ ኒኬል ይዟል።

ይህ ማለት እነዚህ ሰዓቶች ሁሉ መጥፎ ናቸው ማለት አይደለም። ሻይ የሚከብደው በፓኬቱ ውስጥ ባለው ቅጠል ሳይሆን ወደ ውኃው በወጣው መጠን ነው። በእነዚህ ብረቶች ውስጥ ያለው ክሮሚየም ላያቸውን በስስ ሽፋን ስለሚጠብቅ የሚወጣው ኒኬል ጥቂት ነው፤ አብዛኛው ሰው ያለ ችግር ያደርጋቸዋል። ላብ፣ ጨውና ፍትጊያ ሲበዛ፣ ሰውየውም በጣም ስሱ ሲሆን ግን ያቺው ጥቂት ትበቃለች። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ1994 ባወጣው ሕግ ቆዳ ላይ የሚቆዩ ዕቃዎች በሳምንት ከአንድ ካሬ ሴንቲ ሜትር የሚለቁት ኒኬል ከ0.5 ማይክሮግራም እንዳይበልጥ ወስኗል። ማይክሮግራም የግራም አንድ ሚሊዮንኛ ነው።

ወርቅስ? ባለ 18 ካራት ወርቅ 75 በመቶው ወርቅ ነው፤ ቀሪው ሌላ ብረት ነው። ነጭ ወርቅ ከሚባለው አንዳንዱ ኒኬል አለበት። የወርቅ ቅብ ከሆነ ደግሞ ብዙ ጊዜ ከቅቡ ሥር የኒኬል ንጣፍ ስላለ፣ ቅቡ ሲለቅ ቆዳ ላይ የሚያርፈው እርሱ ነው። በተለይ እናቶች ልብ በሉ፤ ኒኬል ወደ ሰውነት ከሚተዋወቅባቸው መንገዶች ዋናው አዲስ የተበሳ ጆሮ ነው። አለርጂው ከወንዶች ይልቅ በሴቶች ላይ የሚበዛውም በዚህ ምክንያት ነው። የልጃችሁን ጆሮ ስታስበሱ የመጀመሪያው ጉትቻ ኒኬል የሌለበት ይሁን።

ምን እናድርግ?

በመጀመሪያ ሰዓቱን አውልቁና ቆዳው እስኪድን ጠብቁ፤ ሳምንታት ሊወስድ ይችላል። ማሳከክ ሁሉ አለርጂ አይደለም። ከማሰሪያው ሥር የቀረ ሳሙናና ላብም ቆዳን ያቆጣል። እንዲህ ያለው ብዙውን ጊዜ ከማሰሪያው ቦታ አያልፍም፤ ማሰሪያውን በማጠብ፣ ላላ አድርጎ በማሰርና እጅን በደንብ በማድረቅ ይሻላል። አለርጂው ግን በጣም ያሳክካል፣ ውኃ ይቋጥራል፣ ከነካው ቦታም አልፎ ሊሰፋ ይችላል።

ከፋርማሲ በራሳችሁ ግምት ስቴሮይድ ያለበት ቅባት ገዝታችሁ ለወራት አትቀቡ፤ ቆዳን ያሳሳል። ቁስሉ መግል ከያዘ ወይም ትኩሳት ካለ ሳትዘገዩ ታከሙ። ጥርጣሬውን ለማጥራት የቆዳ ሐኪም የሚያዝዘው ምርመራ አለ። ኒኬልና ሌሎች ነገሮች በትንሹ ጀርባ ላይ ይለጠፋሉ፤ ከ48 ሰዓት በኋላ ተነስተው ይታያሉ፤ ከአንድ ወይም ከሁለት ቀን በኋላም እንደገና ይታያሉ። እዚህም ሁለት ጊዜ ማየት አለ!

ለኒኬል አለርጂ ንጹሕ ታይታኒየም ወይም ሴራሚክ የተሻለ ምርጫ ነው። ብረቱን በቆዳ ማሰሪያ መለወጥም ይቻላል፤ ሆኖም ብዙ ቆዳ በክሮሚየም ስለሚለፋ ለክሮሚየም አለርጂ ያለበትን ሰው ሊያስቸግር ይችላል። በላስቲክ ውስጥ ያሉ ኬሚካሎችም አንዳንዱን ያሳክካሉ። እኛ ያገኘነው መፍትሔ ቀላል ነበር። አንድ የሰዓት ጠጋኝ ከሰዓቱ ጀርባ ሥር የሚያልፍ ባለ አንድ ወጥ የጨርቅ ማሰሪያ ገጠመልን። የሰዓቱ ጀርባ ከእንግዲህ ቆዳውን አይነካም። የቀበቶውንም ዘለበት ቀየርን።

ውድ ባለትዳሮች፣ ይህ ነገር የሰዓት ብቻ አይደለም። ከጋብቻ ቀለበት ሥርም ሳሙናና ውኃ ተጠራቅሞ ጣትን ያቆስላል፤ ብረቱ ራሱም አለርጂ ሊያመጣ ይችላል። ሚስት ቀለበቷን አውልቃ ብታያት፣ ወንድሜ፣ ከመጠርጠርህ በፊት ጣቷን እይ። እህቴ፣ የባልሽ እጅ ባዶ ቢሆን እጅጌውን ሰብስበሽ ጠይቂው። የተጎዳውም ወገን ስጦታው ውድ ስለሆነ ብሎ ሕመሙን አይደብቅ። እኔ ከባለቤቴ “አሳከከኝ” የሚለውን ቃል በመጀመሪያው ሳምንት ብሰማ ደስ ባለኝ ነበር።

ባለፈው እሑድ ባለቤቴ እጅጌውን ሰብስቦ መድረክ ላይ ቆመ። ሰዓቱ በሰማያዊ ጨርቅ ታስሮ እጁ ላይ ነበር፤ ቆዳውም ድኗል። ጌታ ትዳራችሁን ይባርክ።